«መድኃኒት የማትሰጠዋስ ባለሙያ ምን ትሠራለች?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ከቤሩት ከተመለሰች 8 ወሯ ነው። ሰው አታናግርም፣ ምግብ አትቀምስም፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ታድራለች። አንዲት ትንሽ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሩ ደም አስመርምሮ ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘላት። ከዚያ «በየሳምንቱ ሳይኮሎጂስት ጋ ትምጣ» አለኝ። ሴትየዋ 50 ደቂቃ ታነጋግራታለች እንጂ ምንም አትሰጣትም። ነርሷ ደግሞ በመሃል ትደውላለች። ለምን አንድ ሰው ብቻ አያክማትም? ምን እንደተናገረች ስጠይቅ «እሷ ካልፈቀደች አንነግርሽም» አሉኝ። ከፋይዋ እኮ እኔ ነኝ! እናታችን ደግሞ ጸበል ትሂድ ትላለች። ግራ ገባኝ።
ታላቅ እህት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም ወሰድሻት። ብዙ ቤት እንዲህ የሆነችን ልጅ «ጸባይዋ ተበላሸ» እያለ ዓመት ያስቀምጣታል።

እኔ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ነርስ ነኝ። 9 ዓመት ትልቅ ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አሁን ያለሁት አልጋ በሌላት፣ ሰው ታክሞ ወደ ቤቱ በሚመለስባት ትንሽ ክሊኒክ ነው። አንድ ሳይካትሪስት፣ ሁለት ሳይኮሎጂስቶች፣ እኔና ካርድ የምታወጣው ልጅ ነን። ጥበቃችንንም እቆጥራቸዋለሁ። በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ የሚል ሰው ሲያዩ «ምን ፈልገህ ነው?» አይሉም። «ግባ ልጄ፣ ውስጥ ወንበር አለ» ነው የሚሉት። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም መሰዳደቢያ በሆነበት ከተማ፣ ይህቺ ቃል ስንቱን እንዳስገባች በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዶክተሩ ደም ያስመረመራት በከንቱ አይደለም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲቀንስ፣ ወይም ደም ማነስ ሲኖር፣ ሰው ልክ ድብርት እንደያዘው ይዝላል። ያ መጣራት አለበት። ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ በአገራችን ገና ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለመማር ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። የእኛም ዶክተር በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም ከሰዓት ብቻ ነው የሚመጣው። በየሳምንቱ 50 ደቂቃ ከእህትሽ ጋር ልቀመጥ ቢል ሌላው ታካሚ የት ይደርሳል?

ሳይኮሎጂስቷ መድኃኒት የማታዘው ሥራዋ ሌላ ስለሆነ ነው። ከውጭ ላየው ወሬ ይመስላል። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬዋለሁ። እንደ እህትሽ ከዓረብ አገር የተመለሰች ታካሚ ነበረችን። አምስት ሳምንት ሙሉ መሬት መሬት እያየች ነው የወጣችው። ሳይኮሎጂስቷ አልጎተጎተቻትም። ስለ እንቅልፏ ትጠይቃታለች። ጠዋት ተነሥታ ፊቷን እንድትታጠብ፣ ከዚያ እስከ ሱቁ ድረስ እንድትሄድ ትንሽ ትንሽ የቤት ሥራ ትሰጣታለች። በስድስተኛው ሳምንት ልጅቷ «ሌሊት ቁልፍ ሲዞር ይሰማኛል» አለች። ለካ አሠሪዎቿ ከውጭ ይቆልፉባት ነበር። ይህን ለዶክተሩ እንድንነግር ፈቀደች። እሱም ድብርት ብቻ እንዳልሆነ ገባውና ሕክምናውን አስተካከለ። ዓርብ ከሰዓት ባለሙያዎቹ ቁጭ ብለን የምንነጋገረው ለዚህ ነው። አንዳችን ያላየነውን ሌላችን እናያለን።

ሳይኮሎጂስቷ ሌላም ነገር በግልጽ ትጠይቃለች። «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ትላለች። ሰው ይህን መጠየቅ ይፈራል። ስለጠየቅሻት ሐሳቡን አታስገቢባትም፤ አንቺም በርጋታ ጠይቂያት። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት። መድኃኒቱን አንቺ ያዥላት። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኑ ቀን ለክሊኒኩ ደውዪ። ሌሊት ከሆነ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ነርሷ ለምን ትደውላለች? እኔም ስለምደውል ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ፍሉኦክሰቲን የድብርት መድኃኒት ነው፤ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚመጣው። ሰው «ጭራሽ አመመኝ» ብሎ ይተወዋል። እኔ በ5ኛውና በ10ኛው ቀን እደውላለሁ። ብዙዎቹ ሊያቆሙት ሲሉ ነው የምደርስባቸው። ሲሻላትም በራሷ አታቁም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል።

ምስጢር መጠበቃቸው እንዳስከፋሽ ይገባኛል። ወንድሜን ሳሳክም እኔም ከበር ውጭ ተቀምጬ ነበር፤ ነርስ ሆኜ እንኳ ተናድጃለሁ። ግን የምትናገረው ሁሉ ማታ ቤት የሚደርስ ከመሰላት ምንም አትናገርም። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ ይነግሩሻል። አንቺ ደግሞ የምታዪውን ለእነሱ መናገር ትችያለሽ። ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ምን እንደበላች፣ ማንን እንዳናገረች ጻፊላቸው። እንዲህ ያለች ወረቀት ለእኛ ትልቅ ነገር ናት። ክፍያው ከከበደሽም ሳትሸማቀቂ ንገሪያቸው። እኛ ጋ ሲያስፈልግ በየሁለት ሳምንቱ እናደርገዋለን። ዝም ብሎ መቅረት ነው የሚጎዳት።

በጸበሉ ከእናታችሁ ጋር አትጣዪ። እኔም እጠመቃለሁ። ትሂድ፤ መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። የምትጾም ከሆነ የምትወስድበትን ሰዓት ከዶክተሩ ጋር አስተካክሉ። «መድኃኒቱን ጣዪ» የሚላት ሰው ካጋጠማት ከመጣሏ በፊት ነርሷ ጋ ትደውል። እናታችሁንም አንድ ቀን ክሊኒኩ ድረስ ውሰጃቸው። ብዙ እናቶች ዶክተሩን በዓይናቸው ካዩት በኋላ ነው መድኃኒቱን ራሳቸው በሰዓቱ የሚያስታውሱት።

ከወር በኋላ እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።