ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ምጣዱ፦ ቤት ለሚቀይሩ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንወርዳለን። ፍሪጁን መቼ ላጥፋው? ጫኝና አውራጆቹ «ሳይተኛ በደረጃው አይወርድም» ይላሉ።

መልስ፦ ዓርብ ጠዋት ይንቀሉት። በሩን ከፍተው ከሥሩ ፎጣ ያንጥፉ፤ በረዶው በራሱ ይቅለጥ። በቢላ እንዳይፈነቅሉት፤ የጋዙ ቱቦ ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች የሚጠቀሙበት አር 600 ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። መደርደሪያና መሳቢያ ለብቻ ይውጣ። ከኋላ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ያለችውን የውሃ መያዣ አይርሷት፤ ተሸካሚው ላይ የሚፈሰው ከእሷ ነው። በሩን በገመድ ይሰሩት፤ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

ደረጃ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ቢያዘነብል ችግር የለውም። ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ግን የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። ያኔ ወዲያው ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ዘይት አንሶት ይሠራል፣ ወይም ዘይቱ ቀጭኑን ቱቦ ይዘጋዋል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሪጁ ግን አይቀዘቅዝም። ማስተኛት ግድ ከሆነ በጎኑ ይሁን፤ በጀርባው ወይም በበሩ በኩል በፍጹም። ቆሞ ከመጣ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ተኝቶ ከመጣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይሰካ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከፊት የሚከፈት ልብስ ማጠቢያ አለን። ስንገዛው ከኋላው የተፈቱትን ረጃጅም ብሎኖች ጥለናቸዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ድራሙ ከላይ በሞላ የተንጠለጠለ፣ ከታች በንዝረት መቀበያ ዘንጎች የተደገፈ ነው፤ ላዩ ላይም ከባድ የኮንክሪት ክብደት ታስሯል። ብሎኖቹ ይህን ሁሉ ከቀፎው ጋር አጣብቀው ይይዙታል። እነሱ ሳይኖሩ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ድራሙ ቀፎውን ይመታል፤ ሞላው ከማንጠልጠያው ይወጣል ወይም ዘንጉ ይሰበራል። ብሎኖቹ 3 ወይም 4 ናቸው፣ ርዝመታቸውም እንደየሞዴሉ ይለያያል፤ የሌላ ማሽን ብሎን አስገድደው አያስገቡ።

ካልተገኘ ሶኬቱን ነቅለው ከኋላ ያሉትን ሁለት ቪቶች በካቻቪቴ ይፍቱና የላይኛውን ክዳን ያንሱ። በድራሙና በቀፎው መካከል በአራቱም በኩል ስፖንጅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅጥቁ፤ በእጅ ሲገፉት መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ «ውስጡ ስፖንጅ አለ» ብለው ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ቀልድ አይደለም፤ ስፖንጁን ወይም ብሎኑን ሳያወጡ ማሽኑን ማስነሳት ከመንገዱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ውሃውንም ያውጡ፦ ቧንቧውን ዘግተው ጎማውን ይፍቱ፣ የማስወገጃውን ጎማ ወደ ባልዲ ዝቅ ያድርጉ፣ ከፊት ከታች ያለውን ማጣሪያ ቀስ ብለው ይፍቱ። ዝርግ ሳህን ያዘጋጁ፤ 1 ወይም 2 ሊትር ይወጣል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ቤት በቀየርን ቁጥር ይሰነጠቃል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቦታ ለመቆጠብ በጠርዙ አቁመው ጭነውት ይሆናል። ሸክላው ሲቆም ክብደቱ በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ ያለው ሬዚስታንስም ከቦይው ሊወጣና ብረቱን ሊነካ ይችላል። ቤት ከተቀየረ በኋላ ምጣድ «ነዘረኝ» ሲባል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ክዳኑን ለብቻ ያንሱ፣ እግሩ የሚፈታ ከሆነ ይፍቱት፣ ምጣዱን ፍራሽ ላይ በአግድሙ ያስቀምጡት፤ ላዩ ላይ ምንም አይጫን። የዕለቱ እንጀራ ተጋግሮበት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አይነካ።

አዲሱ ቤት ውስጥ ደግሞ ሶኬቱን ይዩ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይወስዳል። ለብቻው የተዘረጋ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይኑረው፤ በዲቫይደር አይሰካ።

ጥያቄ፦ ቦይለሩንስ ራሴ ማውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ ረዳት ካለዎት። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። 50 ሊትሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ሳራቼኔስካውን (የውሃ መዝጊያውን) ዘግተው፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው፣ በቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ያስወጡት። ቦይለር የሚቃጠለው ግን ሲገጠም ነው፦ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለ አየር እስኪወርድ ድረስ አያብሩት። አዲሱ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ካለበትና የገቡበት ቀን ውሃ የሌለበት ከሆነ፣ ብሬከሩ ጠፍቶ ይደር፤ ባዶ ቦይለር ኤለመንቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ የጋዝ ሲሊንደር ከዕቃው ጋር ይጫናል?

መልስ፦ በክፍት መኪና፣ ቆሞና ታስሮ፣ ሬጉሌተሩ ተፈትቶ። ጋቢና ውስጥ አይግባ። ሲገጠም ፍሳሹን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ።

ጥያቄ፦ አይሱዙው ላይ ምን ይቅደም?

መልስ፦ ፍሪጁና ልብስ ማጠቢያው ጋቢናውን ተደግፈው፣ ቆመው፣ በመካከላቸው ፍራሽ ገብቶ። ቴሌቪዥኑ በሶፋ ትራሶች መሃል ይቁም፤ ካስተኙት መስታወቱ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ምጣዱ መጨረሻ ይጫናል፣ መጀመሪያ ይወርዳል።