54 ዓመት የፈጀው ማራቶን፣ ለዳክዬ የቆመው ጀልባ

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ በስፖርት ታሪክ ስለተፈጠሩ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰበስብ ነው የኖርኩት፤ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማራቶን ጀምሮ ከ54 ዓመት በኋላ የጨረሰ ሰው አለ ብዬ ሳወራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? (ከአንድ ወጣት ሯጭ)

መልስ፦ እውነት ነው ልጄ። ሰውየው ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ ይባላል። ውድድሩ የ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ማራቶን ነው።

ካናኩሪ ስዊድን ለመድረስ በመርከብና በባቡር 18 ቀን ተጉዟል። ያን ሁሉ ቀን ባቡር ውስጥ ተቀምጦ የከረመ እግር ምን እንደሚሆን ሯጭ ነህና አንተው ታውቀዋለህ። ሐምሌ 14 ቀን ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ ሙቀቱ አይጣል ነበር። ከሯጮቹ ግማሽ ያህሉ መጨረስ አልቻሉም። ፍራንሲስኮ ላዛሮ የተባለው ፖርቱጋላዊ መንገድ ላይ ወድቆ በማግስቱ አረፈ። ይህን የምነግርህ፣ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሳቁን ብቻ ስለሚያስቀሩት ነው።

ካናኩሪንም ሙቀቱ ጣለው። መንገድ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ግቢያቸው አስገብተው የሚጠጣ ነገር ሰጡት። ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ግን ወደ ውድድሩ አልተመለሰም። አፍሮ ነበር። ለአዘጋጆቹ ምንም ሳይናገር በባቡር ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ሄደ። ስዊድን ውስጥ «የጠፋው ጃፓናዊ» እየተባለ ሲወራለት ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ሰውየው ጠፍቶ ተደብቆ አልኖረም። በ1920 አንትወርፕ ላይ በኦሎምፒክ ማራቶን ሮጦ 16ኛ ወጥቷል። በ1924ም ፓሪስ ላይ ተሰልፏል። ጃፓን ውስጥ እስከ ዛሬ የሚካሄደውን የሃኮኔ የዱላ ቅብብል ሩጫ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። አገሩ «የማራቶን አባት» ብላ ትጠራዋለች።

በ1967 ስዊድኖች ጋበዙት፤ «መጥተህ ጨርስ» አሉት። ያኔ 75 ዓመቱ ነው። መጣ፣ ስታዲየሙ ውስጥ ሮጠ፣ ሪባኑን በደረቱ በጠሰ። ሰዓቱም በይፋ ተነገረለት፦ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20.3 ሴኮንድ። እሱም መንገዱ ረጅም እንደነበር፣ በመሃል ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ የልጅ ልጅ እንዳየ ተናገረ። እኔ በጣም የምወደው የመጨረሻዋን 0.3 ሴኮንድ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንኳ ሰዓት ያዡ ሥራውን በአግባቡ ሠራለት።

ጥያቄ፦ ዳኞች ዙር ተሳስተው ሯጮችን ትርፍ ያስሮጡበት ጊዜ አለ? (ከአንዲት መምህርት)

መልስ፦ አለ፤ ያውም በኦሎምፒክ። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ሲሮጥ ዙር ቆጣሪው አንዷን ዙር ሳይቆጥራት አለፈች። ሯጮቹ 3,460 ሜትር ገደማ ሮጡ። ፊንላንዳዊው ቮልማሪ ኢሶ-ሆሎ በሰፊ ልዩነት ይመራ ስለነበር ምንም አልሆነም፤ ወርቁን ወሰደ። የተጎዳው አሜሪካዊው ጆ ማክክላስኪ ነው። በትክክለኛው ርቀት ሁለተኛ ነበር። በትርፏ ዙር እንግሊዛዊው ቶማስ ኢቨንሰን አለፈው፤ ብሩ ወደ ነሐስ ወረደበት። ይደገም ቢባልም አልፈልግም አለ።

መምህርት፣ እኔም በወጣትነቴ በትምህርት ቤት ውድድር ላይ ዙር ቆጥሬ አውቃለሁ። አንድ እጄ ላይ እርሳስ፣ በሌላኛው ደወል። ፊተኞቹ ኋለኞቹን ደርበው ሲያልፉ ማን ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ የሚይዘው ወረቀቱ ብቻ ነው። ለአንድ አፍታ ቀና ብለሽ ሌላ ነገር ካየሽ አለቀ። ስለዚህ ለማክክላስኪ ሳዝን ለዚያ ቆጣሪም አብሬ አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጎል አግብቶ አለፈ ይባላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ? (ከአንድ የኳስ አፍቃሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእኔ እምነት ጥፋቱ የደንቡ ነው። በ1994 የካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ ባርባዶስና ግሬናዳ ተገናኙ። ደንቡ እኩል መውጣትን አይፈቅድም። በጭማሪ ሰዓት የገባች ጎል ደግሞ ጨዋታውን ትዘጋለች፤ እንደ ሁለት ጎልም ትቆጠራለች። ባርባዶስ ለማለፍ በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ አለበት።

2 ለ 0 እየመራ ሳለ በ83ኛው ደቂቃ ግሬናዳ አንድ አገባ። ባርባዶሶች ትንሽ ሞከሩ፤ አልሆነም። ያኔ ሒሳቡ ገባቸው። እኩል ከሆኑ ጭማሪ ሰዓት አለ፤ እዚያ ደግሞ አንዷ ጎል ሁለት ናት። በ87ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ከበረኛው ጋር ኳሷን ተቀባበለና ወደ ራሱ መረብ ለጋት። 2 ለ 2።

ግሬናዳዎችም ነቁ። እነሱ 3 ለ 2 ቢያሸንፉም፣ 3 ለ 2 ቢሸነፉም ያልፋሉ! ስለዚህ በየትኛውም በኩል ጎል ፈለጉ። ባርባዶሶች የቀሩትን ደቂቃዎች የራሳቸውንም የተጋጣሚያቸውንም ግብ ሲጠብቁ ጨረሱ። በጭማሪ ሰዓት አገቡና 4 ለ 2 አለፉ። አልተቀጡም፤ የጣሱት ደንብ የለማ።

ጥያቄ፦ ለትንሿ ልጄ ማታ ማታ የምነግራት፣ ክፋት የሌለበት የስፖርት ታሪክ ይኖርዎታል? (ከአንዲት እናት)

መልስ፦ ይኖረኛል እንጂ እህቴ። በ1928 የአምስተርዳም ኦሎምፒክ አውስትራሊያዊው ቦቢ ፒርስ በሩብ ፍጻሜ ለብቻው ጀልባ እየቀዘፈ ነው። ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ይህን መጀመሪያ አስረጂያት። ዳር የቆሙት ሰዎች ጮኹ፣ በእጃቸውም ወደ ኋላው አመለከቱት። ዞር ሲል ዳክዬዎች አንድ በአንድ ተሰልፈው ውሃውን ቀስ ብለው ያቋርጣሉ። ፒርስ መቅዘፉን ተወና ጠበቃቸው። ፈረንሳዊው ተፎካካሪው በዚህ መሃል ጥሎት ሄደ። የመጨረሻዋ ዳክዬ ካለፈች በኋላ ፒርስ ቀዘፈ፣ ደረሰበት፣ ቀደመው። ወርቁንም የወሰደው እሱ ነው።