«12 እሳት ማጥፊያ ለሦስት ፎቅ ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄውን አሳጥሬ ልድገመው፦ ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ፣ ምድር ላይ መጋዘን፣ ወደ 80 ሠራተኛ፤ 12 ባለ 6 ኪሎ ፓውደር እሳት ማጥፊያ ተገዝቶ ተሰቅሏል፣ ይበቃል ወይ? ቁጥሩ ላይ ብዙ አልከራከርም። ያሳሰበኝ በጥያቄው ውስጥ ስለ በርና ስለ ደረጃ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው።

ባለ 6 ኪሎ ፓውደር ያለማቋረጥ ሲረጭ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ገደማ ቢቆይ ነው። ቅርጫት ውስጥ የተነሳ እሳት ያጠፋል፤ የተደረደረ ካርቶን ተያይዞ ነበልባሉ ጣሪያ ከነካ በኋላ ግን ዋጋ የለውም፣ ያኔ ጥሎ መውጣት ነው። በሕንፃ ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ሰውን ቀድሞ የሚጥለው ደግሞ ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። መጋዘኑ ከታች፣ ሰዉ ከላይ ከሆነ፣ በመሀል ያለው ደረጃ በር ካልተዘጋበት የጭስ ማውጫ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መጋዘኑን ከደረጃው የሚለየውን በር ይዩ።

ያ በር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ከተቻለ ለ60፣ እሳት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራና ራሱ የሚዘጋ መሆን አለበት። በሩና መቃኑ መካከል ያለው ክፍተት በጎንና በላይ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ዙሪያውን ሲሞቅ የሚያብጥ ማሸጊያ መኖሩንም ያረጋግጡ። ፈተናው ቀላል ነው፦ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይልቀቁት፤ ቀጥሎ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍተው ይልቀቁት። ሁለቱንም ጊዜ የቁልፉ ምላስ «ቀጭ» ብሎ መግባት አለበት። ተዘግቶ ምላሱ ካልገባ የእሳቱ ግፊት በሩን ይገፋዋል። ብዙ ቦታ በሩ ደህና ሆኖ ሽብልቅ ወይም ካርቶን ተደግፎበት ይገኛል፤ ወይም እንዳያስቸግር ተብሎ የመዝጊያው ክንድ ተፈቷል። ዕቃ ለማመላለስ የግድ ክፍት መዋል ካለበት፣ ማንቂያው ሲጮህ በሩን የሚለቅ ማግኔት ይገጠምለት።

በሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ካበቃ ሥራው ከንቱ ነው። አንድ የኮርኒስ ሰሌዳ አንስተው በባትሪ ይመልከቱ፦ ግድግዳው እስከ ሶሌታው ይደርሳል? ኬብልና ቧንቧ ያለፈባቸው ቀዳዳዎችስ ተደፍነዋል? ተራ የሚነፋ ፎም ራሱ ስለሚቃጠል ማሸጊያ አይባልም። ለእሳት የተሠራ ማሸጊያ ወይም እንደ ቀዳዳው ዓይነት ሞርታር ይጠቀሙ። ኢንተርኔት የሚዘረጋው ባለሙያ በመጣ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ ይኖራልና ከሥራው በኋላ ሰሌዳውን እንደገና ማንሳት ያስፈልጋል።

ወደ መውጫው ስንመጣ፣ ሰው ውስጥ እስካለ ድረስ ማንኛውም መውጫ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት። «ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው» ማለት ተቆልፏል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ ቃጠሎ 146 ሰው ሲያልቅ አንዱ ምክንያት የተቆለፈ በር ነበር። ማታ ጓጉንቸር የሚገባ ከሆነ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሳይገባ መነሳቱን የሚያረጋግጥ አንድ ኃላፊ ይመደብ። ከ50 በላይ ሰው የሚወጣበት በር ወደ ውጪ ይከፈት። ርቀቱንም በፕላን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛውን እየዞሩ በሜትር ይለኩት፤ ለቢሮ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መውጣት ለሚቻልበት 18 ሜትር፣ ሁለት አማራጭ ላለበት 45 ሜትር አካባቢ ነው። የአገርዎ ደንብ ከዚህ ከጠበቀ እሱን ይከተሉ።

አሁን ወደ 12ቱ። ሁሉም ፓውደር መሆናቸው አልተመቸኝም። ፓውደር በጠባብ ኮሪደር ሲረጭ ዓይን ይጋርዳል፣ ኤሌክትሮኒክስም ያበላሻል። ሰርቨርና የመብራት ፓናል አጠገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያድርጉ። እሱ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የለውም፤ በሚዛን ነው የሚታወቀው፣ ከጋዙ 10 በመቶ ከጎደለ ይሞላ። ሲረጩበት ቀንዱን፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበትን ሰፊ አፍ፣ በባዶ እጅ አይያዙ፤ በቅዝቃዜው ቆዳ ያቃጥላል። የሚጠብስ ማእድ ቤት ካለ ለዘይት እሳት የተሠራው ዓይነት ያስፈልጋል፤ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም። ማንም ከቆመበት በ23 ሜትር ውስጥ አንዱን ያግኝ፣ መስቀያውም መውጫ አጠገብ ይሁን፤ የሚያጠፋው ሰው ጀርባውን ለመውጫው መስጠት አለበት። በየወሩ የጌጁን ቀስት፣ ፒኑን፣ ማኅተሙንና የቱቦውን አፍ ይዩ፤ ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበት ይገኛል።

የማንቂያው ነገር በአጭሩ፦ ማእድ ቤት ውስጥ የጭስ ሳይሆን የሙቀት ጠቋሚ ይግጠሙ። አለበለዚያ በየቀኑ ይጮህና አንድ ቀን በላስቲክ ተሸፍኖ ያገኙታል። ማንቂያውን በየሳምንቱ ሌላ ሌላ የማስጮኺያ ቁልፍ እየተጫኑ ይሞክሩት፣ ሽንት ቤት ያለ ሰው መስማቱንም ያረጋግጡ።

ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አይሰካ፤ የተጠቀለለ ማራዘሚያም ከባድ ዕቃ ሲጎትት ይግላልና ሙሉ በሙሉ ይፈታ። የሊቲየም ባትሪ ደረጃ ሥር ወይም መውጫ ላይ ቻርጅ አይደረግ፤ እሳቱ ከተነሳ በኋላ በፓውደር አይመለስም። ብየዳ ካለ በ11 ሜትር ዙሪያ የሚቃጠል ነገር ይነሳ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም አንድ ሰው ለ60 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቅ።

ከሕንፃው የመውጣት ልምምድ በሚደረግበት ቀን አንዱን ደረጃ ሳይነግሩ ይዝጉት፤ ሰዉ ሁለተኛውን መንገድ ማወቁ የሚታየው ያኔ ነው። እስከዚያው የመጋዘኑን በርና ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ግድግዳ ፎቶ እዚህ ይለጥፉ፣ ምን መቅደም እንዳለበት እሱን አይተን እንነጋገራለን።