ካሸር ልሁን ወይስ ስለ ዞምቢ ልፃፍ ላልሽኝ ልጅ

እታለም ጥያቄሽ ደርሶኛል። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቁኝ መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ካቻምና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ እስካሁን ቋሚ ስራ አላገኘሽም፣ አሁን አዘዞ ያለ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ካሸር ሆነሽ ግቢ ብሎሻል፣ አንቺ ግን ልብሽ ያለው ሶስት ምዕራፍ ያደረስሽው ልብወለድ ላይ ነው፣ ከሞት የተነሱ ግን ሰው የማይነክሱ ሰላማዊ ዞምቢዎች ጎንደር ውስጥ ከጎረቤት ጋር ተስማምተው የሚኖሩበት፣ ሳቅ ያለው ቀለል ያለ የምስጢር ታሪክ። አባትሽ "የሙት ተረት እንጀራ አይሆንም" ብለዋል። አንቺ ደሞ "ጋሼ፣ ስራውን ትቼ ልፃፍ ወይስ ፅሁፉን ትቼ ልስራ" ነው ያልሽኝ።

ስራውን ግቢ። ፅሁፉንም አትተዪ። ይሄን ስልሽ ሁሉንም ላስደስት ብዬ አይደለም፣ የላክሽልኝን ሶስት ምዕራፍ አንብቤ ነው፣ ምዕራፎቹ ላይ የጎደለው ነገር በትክክል አዘዞ ካሸር ሆነሽ የምታገኚው ነገር ስለሆነ ነው። እንዴት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የምትፅፊውን ነገር እወቂው። ፈረንጆቹ ኮዚ ሚስትሪ ይሉታል፣ የራሱ አንባቢና የራሱ ደንብ ያለው ዘውግ ነው። መርማሪዋ ፖሊስ አይደለችም፣ ሌላ ስራ ያላት ተራ ሰው ናት። ቦታው ሰው በሰው የሚተዋወቅበት ጠበብ ያለ ሰፈር ነው። ደም ገፁ ላይ አይፈስም፣ ግድያ እንኳን ቢኖር ከመጋረጃ ጀርባ ያልቃል። ጥፋተኛው ደግሞ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው የተዋወቀው ሰው መሆን አለበት፣ ፍንጮቹም ለመርማሪዋ ሲታዩ ለአንባቢውም መታየት አለባቸው፣ መጨረሻ ላይ ከሰማይ የወረደ ሌባ ካመጣሽ አንባቢ ይቀየምሻል። አንቺ ሶስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ኢንስፔክተር በመኪና መጥቶ ተጠርጣሪውን ይዞት ይሄዳል፣ ጀግናሽ ቆማ ታያለች። ኧረ ተይ! ያንቺ ልጅ ምን ልትሰራ ነው ታዲያ መፅሃፉ ውስጥ? ኢንስፔክተሩን አውጪው፣ ወይም ይኑር ግን ሁሌ ዘግይቶ ይምጣ።

ሌላው፣ ልጅቷ ኬክ ቤት አላት፣ ሰው ሁሉ እዛ ሄዶ ያወራላታል። ይሄ ካነበብሽው የፈረንጅ መፅሃፍ የመጣ እንደሆነ ያስታውቃል። ጎንደር ውስጥ ወሬ የት እንደሚገኝ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቡና ላይ ነው፣ ጠላ ቤት ነው፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሶስተኛ ቡና እስኪደርስ የማይወጣ ምስጢር የለም።

ወደ ዞምቢዎቹ ልምጣ። አባትሽም ሌሎችም "ዞምቢ ሰላማዊ ከሆነ ምኑን ዞምቢ ሆነ" ብለው ይሞግቱሽ ይሆናል፣ መልስ ይኑርሽ። ነገሩ የመጣው ከሄይቲ ነው፣ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሸንኮራ እርሻ ላይ ካለቁት ሰዎች እምነት። እዛ ቦኮር የሚሉት ጠንቋይ ሬሳ ይቀሰቅስና ያለ ደሞዝ ያሰራዋል፣ በቃ፣ የሚያስፈራው ነገር ሞቶም ከባርነት አለማረፉ ነው እንጂ ሰው መንከሱ አይደለም። ሰው የሚበላው ዞምቢ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ወዲህ ነው። ስለዚህ ያንቺዎቹ ዝምተኞች ለስሩ የቀረቡ ናቸው።

ይሄ ታሪክ ደሞ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም እኮ። ያደግንበት የቡዳ ወሬ ውስጥ አለ፣ ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ሰባት አመት ቤቱ ያሰራዋል፣ እንግዳ ሲመጣ በበትር ነካ ሲያደርገው እንስራ ይሆናል ሲባል ያልሰማ አለ? እንስራ ሆኖ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የእንግዶቹን ወሬ ሁሉ የሚሰማ ሟች! ለምስጢር ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ታመጪያለሽ። ግን እዚህ ላይ ቆም በይ። ቡዳ ተብለው ሲፈሩና ሲገለሉ የኖሩት ሸክላ ሰሪዎችና ቀጥቃጮች ናቸው፣ እኛው አካባቢ ደግሞ በብዛት ቤተ እስራኤሎች፣ እነሱ የኖሩበት ወለቃ ሄደሽ ብትጠይቂ መገለሉ ተረት እንዳልሆነ ትረጃለሽ። ምኒልክ ባለሙያን በስራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፣ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም። እና እንስራውን ውሰጂ፣ ቡዳውን ተዪው። ሟቾችሽ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በራሳቸው ፈቃድ ይነሱ፣ ሸክላ ሰሪ ገፀ ባህሪ ካለሽም ሰፈሩ ጣቱን የሚቀስርባት ግን ንፁህ የሆነች ተጠርጣሪ አድርጊያት፣ አንባቢውም አብሮ ጠርጥሮ አብሮ ይፈር።

የዞምቢዎችሽን ህግ ደሞ ምዕራፍ አንድ ላይ ጨርሺው። ምን ይበላሉ፣ ማን ያውቃቸዋል፣ ለምን አይነክሱም። እኔ ብሆን የጎንደር ዞምቢ ስለሚፆም ነው እላለሁ። ረቡዕ አለ፣ አርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ሰው መብላት ደግሞ በየትኛውም ቄስ ዘንድ ፆም ማስገደፉ አይቀርም፣ እንዲህ እንዲህ ሲል ልማዱ ቀረ። ሳቁ እንደዚህ ከኑሯችን ሲወጣ ነው ሚያምረው።

ነገስታቱን አትቀስቅሺብኝ ብቻ። ገና ምዕራፍ አንድ ላይ አፄ ፋሲል ከግቢው ሲወጡ አየሁና ፈራሁ። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ይታያል፣ ሰው እዛ ሄዶ የሚሳለም የሚያዝን ነው፣ ቀልዱ እዛ ሲደርስ ይጎመዝዛል። ደግሞ ንጉስ ከተነሳ መፅሃፉን በሙሉ ይወስድብሻል። ከነገስታቱ አንድ ነገር ከፈለግሽ የአፄ በካፋን ወሬ ውሰጂ፣ እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730 የነገሱት፣ ልብስ ቀይረው ሰው ሳያውቃቸው በየአገሩ እየዞሩ ያዳምጡ ነበር የሚባለውን። ጀግናሽ ያንን ወሬ ከአያቷ የሰማች ብትሆን ከመርማሪነቷ ጋር ይሄዳል።

አሁን ወደ ካሸርነቱ። ታሪክሽ ላይ የተሰረቀው ነገር የወርቅ መስቀል ነው፣ እሱ መቶ ጊዜ ተፅፏል። እስቲ በእድር አስቢው። እድር ሲሞቱ ነው ሚከፍለው፣ የሞተ ሰው ሲመለስስ? ገንዘቡ ይመለስ? ወርሃዊ መዋጮውን ይቀጥል? ዳግም ቢሞት ይከፈልለታል? መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ስለዚህ አንድም አንቀፅ የለ፣ የእድሩ ዳኛና ፀሃፊው እሁድ ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ጥሩምባ ነፊው ራሱ ሟች ነው፣ በነፋ ቁጥር ሌሎቹ ሟቾች "ደሞ ማን ሞተ" ብለው ይደነግጣሉ። አንዲት የሞቱ የሰፈሩ እማማ ደግሞ ለአርባቸው ጠላ ተጠምቆ ጎረቤት ተጠርቶ ሳለ ነጠላቸውን አጣፍተው ከች ይላሉ፣ ጠላውም ቀጥኗል ይላሉ።

ሰፈሩ ይሄ ነው። ወንጀሉ ደሞ ይኸውልሽ፣ ጀግናሽ የእድሩን መዝገብ ስታገላብጥ እማማ ከሞቱ በኋላ ከእድሩ ብድር ወስደዋል የሚል ደረሰኝ ታገኛለች፣ ጣት አሻራ አለበት፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል። በሞተ ሰው ስም ብር መብላት የቆየ ሌብነት ነው፣ ስንት መስሪያ ቤት በሞተ ሰራተኛ ስም ደሞዝ ሲወጣ ኦዲተር ደርሶበታል። ሌባው የተማመነው ሙት አይመሰክርም ብሎ ነው። አንቺ አገር ግን ሙት ይመሰክራል። እማማን ትጠይቃቸዋለች፣ "ልጄ እኔ ከሞትኩ ወዲህ ብር በእጄ ይዤ አላውቅም" ይሏታል። ምስክርነታቸውን ግን ማን ይቀበላል፣ ህጋዊ ሰው አይደሉም፣ የሞት ምስክር ወረቀት ወጥቶባቸዋል። ስለዚህ ማስረጃው ከወረቀቱ መምጣት አለበት፣ እዚህ ጋ ነው ትምህርትሽ ሚገባው። ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከፊቱ ካለው ይበልጣል፣ ቀኑ ግን ከፊቱ ካለው ይቀድማል፣ ይሄ ማለት አንድ ሰው ዘግይቶ ፅፎ ያለፈ ቀን ሰጥቶታል ማለት ነው። የሰጠው ቀን ደሞ ጥር 11 ይሁን። የጥምቀት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ፋሲል መዋኛ ነው፣ የእድሩ ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ ሶስት ሰው ጋ ነው ያለው፣ ማን ነው በዛን ቀን ብር ቆጥሮ የሚያበድረው? ጎንደሬ ያልሆነ ሰው ነው እንዲህ አይነት ቀን ሚመርጠው፣ ወይ ደግሞ በዛን አመት ከተማው ውስጥ ያልነበረ። ከተጠርጣሪዎቹ ውስጥ ማን አልነበረም? አየሽ፣ ጀግናሽ ሽጉጥ ሳትይዝ ኢንስፔክተር ሳይመጣላት ቁጭ ብላ ፈታችው።

ይሄን እኔ ወሬ እያደረግኩልሽ ነው፣ አንቺ ግን አንድ አመት ካሸር ሆነሽ የቀን ሂሳብ ስትዘጊ፣ ካዝና ውስጥ ያለው ብርና መዝገቡ አልገጥም ሲልሽ፣ ደንበኛ ሌላ ሰው ልኮ ብር ላውጣ ሲል፣ ሰው በገንዘብ ጉዳይ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል ስታዪ፣ እኔ የማልገምተውን አስር የተሻለ ዘዴ ታመጫለሽ። ብቻ የደንበኛ ምስጢር የደንበኛ ነው፣ የሰው ስም፣ የሰው ብድር፣ የእውነተኛ ሰው ጉዳይ ወደ መፅሃፉ አይገባም፣ ዘዴውን ነው ምትወስጂው። ከስራ የሚያስባርር ነገር ነው ሌላው ቢቀር።

በዛ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪ፣ የሰፈራችሁን እድር ሂሳብ በነፃ ልመርምርላችሁ በያቸው። ብዙ እድር መዝገቡን ሚያይለት ባለሙያ የለውም፣ ደስ ይላቸዋል። ላንቺ ሲቪ ላይ የሚፃፍ የኦዲት ልምድ ነው፣ ካሸር ሆነሽ እንዳትቀሪ ወደ አካውንታንትነት ስትወዳደሪ ይጠቅምሻል፣ ለመፅሃፉ ደሞ የስብሰባውን ጭቅጭቅ በነፃ ታዳምጫለሽ።

ልብወለዱን ሲቪ ላይ ላስገባ ወይ ላልሽው፣ ለባንክና ለብድር ተቋም አታስገቢ፣ ገንዘብ የሚያስረክብሽ ሰው ስለ ዞምቢ ማሰብ የለበትም። ለኮሙኒኬሽን፣ ለሬዲዮ፣ ለፕሮጀክት ሪፖርት ፀሃፊነት ካመለከትሽ ግን አስገቢ፣ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እኛ አገር መፅሃፍ ባብዛኛው የሚወጣው ደራሲው ራሱ የማተሚያውን ከፍሎ ነው፣ የወረቀት ዋጋ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የመጀመሪያ መፅሃፍ ላይ ወጪሽን መመለስ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚያስፈልግሽ፣ ከደሞዙ ላይ በየወሩ ትንሽ ለህትመት አስቀምጪ። ከማተምሽ በፊት ግን በድምፅ ሞክሪው። የኛ ሰው ትረካ በሬዲዮ ሰምቶ ያደገ ነው፣ ምስጢር ያለው ታሪክ ደሞ ለሳምንት ሳምንት ማንጠልጠል ይመቻል፣ አንዱን ምዕራፍ ድምፁ ጥሩ የሆነ ጓደኛሽ አንብቦት ቴሌግራም ላይ ልቀቂው፣ ሰው ቀጣዩ መቼ ነው ካለ ገበያ አለሽ፣ ዝም ካለ ማተሚያ ቤት ሳትገቢ አወቅሽ። ይሄ ዘውግ ደግሞ ባህሪው ተከታታይ ነው፣ አንድ መርማሪ፣ አንድ ሰፈር፣ በየመፅሃፉ አዲስ ነገር፣ ስለዚህ ሁሉንም ሃሳብሽን አንደኛው ላይ አትጨርሺው።

ሰው ልግዛሽ፣ ልተርክልሽ፣ ፊልም ላድርገው ቢልሽ በቃል አትስማሚ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት ስራው ያንቺ ነው፣ እድሜሽን ሙሉ፣ ከሞትሽም በኋላ 50 አመት ለወራሾችሽ። ከሞትሽ በኋላ ተነስተሽ ብትመጪ እንዴት እንደሚሆን አዋጁ ዝም ብሏል፣ ለሁለተኛው መፅሃፍ ይሁንሽ። ብቻ ውሉ በፅሁፍ ይሁን፣ ምን መብት ለስንት ጊዜ እንደሰጠሽ ይፃፍበት።

ጊዜውን እንደዚህ አድርጊው፣ ወር መጨረሻ ላይ ሂሳብ ስለሚዘጋ ከዛ ሳምንት ምንም አትጠብቂ፣ ደክሞሽ ነው ምትገቢው። ሌላው ጊዜ ጠዋት ወደ አዘዞ ታክሲ ከመያዝሽ በፊት አንድ ገፅ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሶስት ገፅ። አባትሽን አትከራከሪያቸው፣ የመጀመሪያውን ደሞዝ ስታመጪ ንግግሩ በራሱ ይቀየራል፣ ከፈለግሽ የእድሩን ምዕራፍ አንብቢላቸው፣ የእድር ዳኛ ሆነው ያውቃሉ ብለሽኝ የለ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የተሳሳትሽውን እሳቸው ያርሙሻል።

ለአዘዞው ተቋም በዚህ ሳምንት መልስ ስጪ፣ ዋስ ስለሚጠይቁሽ ከአሁኑ ሰው አነጋግሪ፣ የስራ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የሙከራ ጊዜውንና ካዝና ሲጎድል ማን እንደሚከፍል የሚለውን አንቀፅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አብረን እናየዋለን። ሶስተኛውን ምዕራፍም ኢንስፔክተሩን ካወጣሽው በኋላ ላኪው።