«ገና ከጫካ አልወጡም»

ውድ ልጆቼ፣

በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሐኪምና በታማሚ መካከል ቆሜ ማስተርጎም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በመጀመሪያው ሰሞን ከአፌ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

አንድ አዛውንት ልባቸውን ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተዋል። ልጃቸው ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ይጠብቃል። ሐኪሙ ወጣና «ሂ ኢዝ ኖት አውት ኦፍ ዘ ዉድስ ዬት» አለ። እኔም ቃል በቃል «አባትህ ገና ከጫካ አልወጡም» ብዬ አስተላለፍኩ። የልጁ ፊት ተለዋወጠ። በእኛ ቋንቋ ጫካ ገባ ማለት ሸፈተ፣ ጠመንጃ አነሳ ማለት ነው። «አባቴ ጫካ ገብቶ አያውቅም፤ ይህን ማን ነገራቸው?» አለኝ በድንጋጤ። ሐኪሙ ግን ያለው «አደጋው ገና አላለፈም» ነበር። እኔ ስህተቴን እስካርም ልጁ ስለ አባቱ ሕይወት መጠየቁን ትቶ ያልተከሰሱበትን ይከራከርላቸው ነበር።

ፈሊጥ ሲበታተን ይሞታል። አንዲት እናት «ሆዴ ባባ» ስትል የሆድ መድኃኒት የሚያዝላት ሐኪም ቢያጋጥም ምን ትላላችሁ? የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ በሙሉ አካሉ ያዙት፤ ክብደቱንም አብራችሁ ተማሩ። «አንደር ዘ ዌዘር» ጉንፋን ለያዘው፣ ትንሽ ለከፋው ሰው ነው እንጂ ለካንሰር አይሆንም። «ኪክ ዘ በኬት» ሞተ ማለት መሆኑን መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል፤ ሐዘንተኛ ፊት ግን «ነፍስ ይማር» በሚባልበት ልቅሶ ቤት እንደ መቀለድ ይቆጠራል። እዚያ የሚባለው «ፓስድ አወይ» ነው።

ደግሞ ውቅያኖስ ሲሻገር የሚገለበጥም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድን ሰነድ «ቴብል» ማድረግ እንደሚፈልጉ ለአሜሪካ አቻዎቻቸው መናገራቸውን ዊንስተን ቸርችል ጽፈዋል። ለእንግሊዞቹ ቃሉ «አሁኑኑ ለውይይት ይቅረብ» ነው፤ ለአሜሪካኖቹ «ይቆይ፣ መሳቢያ ውስጥ ይግባ»። የሁለቱም ፍላጎት አንድ መሆኑ እስኪገለጥ ድረስ ክፉኛ ተከራከሩ። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች እንዲህ ከተላለፉ፣ ያልገባችሁን መጠየቅ ለምን ያሳፍራችኋል?

እኔ ዛሬም እጄን አንስቼ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» እላለሁ። ሐኪሙም ሐሳቡን በቀላል ቃል ይደግመዋል፤ ለታማሚውም የሚደርሰው ያ ነው።

ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች በጣም ታሳስቡኛላችሁ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ አንብቡላቸው። የምርመራ ውጤት የሚነገር ቀን ግን የእናንተ ቦታ ከእናታችሁ ጎን፣ እጇን ይዞ መቀመጥ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ቀጠሮውን ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።