ስለ ሰው አባት መጠጥ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

«በሳይኮሎጂ ተመርቄ አንድ የሱስ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ልቀጠር ነው። ተሳታፊዎችን ስለ ቤተሰባቸው የመጠጥና የዕፅ ታሪክ መጠየቅ አለብኝ። የእኔም አባት ይጠጣል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እንደ እኔ ከሆነ ግቢበት። ጠያቂነት የሚለመድበት ሥራ ነው።

«ቤተሰብህ ውስጥ የአልኮል ሱሰኛ አለ?» ብትዪው ብዙው ሰው «የለም» ብሎ ይገላገላል። ማን የገዛ አባቱን ሱሰኛ ብሎ ያስመዘግባል? ስለዚህ በጅምላ አይጠየቅም። አባት ለብቻ፣ እናት ለብቻ፣ እያንዳንዱ ወንድምና እህት ለብቻ። ከዚያ ወደ ድርጊቱ ትገቢያለሽ፦ በመጠጥ ሰበብ ከሥራ ተባሮ ያውቃል? ታስሮስ? ሐኪም «ተው» ብሎታል? ቅድም «የለም» ያለሽ ሰው እዚህ ላይ «እሱማ ሁለቴ ተባሯል» ይልሻል። ዕፅ ላይ የበለጠ ታገሺ፤ ከመጠጥ ይልቅ ይደበቃል።

«አላውቅም» እና «የለም» ለየቅል ናቸው። አባቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ «የለም» ተብሎ ከተመዘገበ መረጃው ተበላሸ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፋሚሊ ትሪ» የሚባለው መጠይቅ ለዚህ የራሱ ምድብ አለው። እንጀራ አባትና ወላጅ አባትም ይለያሉ፤ ለአልኮል ሱስ ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ የመንትዮች ጥናቶች ያሳያሉና። የእናት መጠጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልጁ ገና በማህፀን ሳለ አልኮል ደርሶት ሊሆን ስለሚችል፣ አንዳንድ ጥናቶች እንዲህ ያለውን ተሳታፊ ጨርሶ አይቀበሉም።

ከመፈረምሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂ። የዘመድ ስም ይመዘገባል? (ባይመዘገብ ይሻላል፤ አባትየው ለጥናቱ አልፈቀደም።) ተሳታፊው ቢያለቅስ ወዴት ልላከው? ሥልጠና አለ? «ወረቀቱን አንብበሽ ጀምሪ» ካሉሽ ተጠራጠሪ።

የአባትሽ ነገር አያግድሽም፤ ለቀጣሪ የመናገር ግዴታም የለብሽም። የምፈራልሽ ሌላ ነው፦ ተሳታፊው ያንቺን ቤት የሚመስል ታሪክ ሲጀምር ልትጨርሺለት ይዳዳሻል፣ ወይ ቶሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፊያለሽ። ልምምድ ላይ ድምፅሽን ቅጂና ስሚው፤ የት የት እንደምትሮጪ ይገባሻል። ከከበደሽ ዳታ ማጽዳትም (የተመዘገበውን እያዩ ስህተቱን ማረም) ሥራ ነው፣ እዚያ አዛውሩኝ በዪ።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «መረጃ ሰብስቤያለሁ» ብለሽ አትለፊው። የቤተሰብ ታሪክ ቃለ መጠይቅ እንደሠራሽና በየትኛው መጠይቅ እንደሠለጠንሽ ጻፊ።