«ከመቶ ስንት ይተርፋል?» በመተንፈሻ ማሽን ላይ ስላሉ ታማሚዎች የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ፣ ፔርሙዝ ታቅፎ ከሚታደርበት አግዳሚ ወንበር። በነርስነት የሠራሁት እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ወንበሩን አውቀዋለሁ። ዛሬ አምስቱን እመልሳለሁ። በድሬ ልማድ አንቱታውን ትቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሳቢያን፦ «አባቴ 67 ዓመቱ ነው። በሳንባ ምች ማሽን ላይ ከገባ ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ዶክተሩ የመትረፍ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ እንዲህ ያለ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። «አፓቼ ሁለት» የሚባል መለኪያ አለ። ታማሚው በገባ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታዩት ልኬቶች የባሰው የባሰው ይመዘገባል፤ ሙቀት፣ ደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የደም ኦክሲጅን፣ ሶዲየም፣ ኩላሊት፣ ንቃት፣ ሌሎችም። ዕድሜና የቆየ በሽታ ይጨመርበታል። ውጤቱ ከ0 እስከ 71 ነው። መለኪያው ሲሠራ 25 አካባቢ ከደረሱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሞተው ነበር።

ግን መለኪያው የወጣው በ1985 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ13 ሆስፒታሎች ከተመዘገቡ 5,815 ታማሚዎች። ሐረር መኪና ግርግር ሄደህ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ብትለካ፣ ከዚያ ሰው ትርዘም ትጠር ይነግርሃል፤ ወገብህ ላይ ግን ላይገጥም ይችላል። ይህም እንዲሁ ነው። ማን ከማን ይበልጥ እንደታመመ ደህና አድርጎ ይለያል። «ከመቶ ስንት» የሚለው ግን አገሩ፣ መድኃኒቱና የነርሱ ቁጥር ሲለያይ ይዛነፋል።

ደግሞም ሃምሳ በመቶ ማለት እንደ አባትህ ያሉ 100 ሰዎች ቢተኙ 50ዎቹ ይነሳሉ ማለት ነው። አባትህ ከየትኞቹ እንደሆነ ቁጥሩ አያውቅም፤ ዶክተሩም አያውቅም። ስለዚህ ነገ ስትገባ «ስንት በመቶ ደረሰ?» አትበል። «ማሽኑ የሚሰጠው ኦክሲጅን ከትናንት ቀነሰ ወይ? ደም ግፊቱን የሚደግፈው መድኃኒትስ? ሽንቱ ስንት ወጣ?» ብለህ ጠይቅ። አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ በየቀኑ አንድ ቁጥር ብቻ ትጽፍ ነበር፤ የኦክሲጅኑን መጠን። 80፣ 80፣ 70፣ 55፣ 40። የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ልጇ እየተሻለው መሆኑን ግን ማንም ሳይነግራት ከራሷ ጽሑፍ አነበበችው።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ «የእናቴ የሶፋ ነጥብ ትናንት 9 ነበር፤ ዛሬ 6 ሆነ አሉኝ። ወረደ ማለት ደከመች ማለት ነው?»

አይደለም አቦ፣ ደስ ይበልሽ! «ሶፋ» የሚባለው መለኪያ ስድስት ነገር ያያል፦ ሳንባ፣ ደም ግፊት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የደም መርጋት፣ ንቃት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ጉዳቱ በዝቷል ማለት ነው። በ2001 ከቤልጂየም የወጣ የ352 ታማሚዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ነጥባቸው ከጨመረው ቢያንስ ግማሹ ሞተዋል። ከቀነሰላቸው ግን የሞቱት ከ27 በመቶ በታች ናቸው። ሲገቡ የነበራቸው ነጥብ ምንም ይሁን ምን። ለዚህ ነው አካሄዱን ተከታተሉ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጤነኛ ሰውም የደም ኦክሲጅኑ ከጠረፍ አገር ሰው ዝቅ ይላል። በ2012 የወጣው የከባድ የሳንባ ጉዳት መመዘኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ማስተካከያ ይደረግ የሚለው ለዚህ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ያለችው ድሬም ትገባበታለች። ዘመድ ከጅቡቲ ደውሎ «እዚህ እኮ 98 ነው የሚባለው» ቢልሽ አትደንግጪ።

ከከዚራ፦ «ማሽን ላይ የወጣ አይተርፍም ይላሉ። ለባለቤቴ ልፈርም ወይስ አልፈርም?»

ማሽኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሞተው፣ እዚያ የሚደርሰው በጣም የታመመው ስለሆነ ነው እህቴ። በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ መተንፈሻቸውን ካሽመደመደባቸው ታማሚዎች ከ80 በመቶ በላይ ይሞቱ ነበር። ኢብሰን የሚባል ሐኪም አንገታቸው ላይ ቱቦ አስገብቶ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ፣ ሌት ተቀን፣ በእጃቸው አየር እንዲገፉላቸው አደረገ። ሞቱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

በእርግጥ ማሽኑ ያለ ልክ ከተነፋ ሳንባ ይጎዳል። በ2000 የታተመ ጥናት በአንድ ትንፋሽ ለእያንዳንዱ ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ 6 ከተሰጣቸው ግን 31 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል። ኪሎው ከቁመት ነው የሚሰላው። አንድ ጊዜ ሜትር ይዤ ታማሚ ስለካ ሚስቱ በመስታወት አይታኝ ለቀብር የምለካው መስሏት በጩኸት ወደቀች። ስለዚህ ስንለካ ብታዪን አይክፋሽ፤ ለትንፋሹ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ ዶክተሩን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «እዚህ ያደረሰው ነገር ሊድን የሚችል ነው?» የሳንባ ምች ከሆነ፣ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ፈውስ የሌለው በሽታ የመጨረሻ ደረጃ ከሆነ ግን ማስታመሙን ማስቀደም እሱን መተው አይደለም። ባለቤትሽ ጤነኛ ሳለ ምን ይል እንደነበር አስቢና ለዶክተሩ ንገሪው።

ከመጋላ፦ «ወንድሜ በመድኃኒት ተኝቷል። ባናግረው ይሰማኛል?»

አናግረው። ሁሉም አይሰማም፤ ግን ከነቁ በኋላ ማን ምን እንዳላቸው የነገሩኝ አሉ። ስምህን ንገረው፣ ቀኑን ንገረው፣ እጁን ያዝ። ማስተኛውን በየቀኑ ለአፍታ ያቆሙለት እንደሆነም ጠይቅ። በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ እንዲህ የተደረገላቸው በአማካይ ከ7.3 ቀን ይልቅ በ4.9 ቀን ከማሽን ወርደዋል።

ከገንደ ቆሬ፦ «ባሌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማሽን ወርዶ ቤት ገባ። ግን ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ይረሳል፣ ሌሊት እየጮኸ ይባንናል። ጎረቤት አብዷል ይላል።»

አላበደም። ከማሽን የተረፉ ብዙዎች ላይ የሚታይ ነው። ተኝቶ ጡንቻው ሟሟ። በመድኃኒት መሃል ያየው ቅዠት እውነት ሆኖ ተቀምጦበታል። የሚሻለው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው። የሆነውን ሁሉ ቀስ ብለሽ ተርኪለት፤ መቼ ገባ፣ ማን ጠየቀው፣ መቼ ቱቦው ወጣ። በቀጠሮው ስትሄዱ መርሳቱንና መባነኑንም ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሳንባውን ብቻ አታሳዩ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ከአልጋው እስከ ግቢው በር አስኪጂው። ከሰነበተ እስከ ሱቁ።